የላክሁልሽን አበባ ኩሬው ውስጥ እንዳትጥዪው

ቆቃ፣ ግንቦት ፲፱፻፸፩

እህቴ ዓለምፀሐይ፣ ሰላምታው ትንሽ ይቆየንና፣ በጎረቤታችን በመዝገቡ እጅ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ የላክሁልሽን ወይን ጠጅ አበባ፣ እባክሽ ክር የምታጥቡበት ኩሬ ውስጥ እንዳትጥዪው!

ልጄን ልጠይቅ መጥቼ ሐይቁ ላይ ተንሳፍፎ ሲያብብ ሳየው፣ ለሽሮ ሜዳ ሰው እንዲህ ያለ ነገር መች ይደርሰዋል ብዬ ነበር። ለካስ አረም ኖሯል። ትናንት የልጄ ባል ደቻሳ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ጀልባው አረሙ መሃል ተቀረቀረ፤ መረቡን ጥሎ እየዋኘ ባዶ እጁን መጣ። «እትዬ ማሚቴ፣ ለወዳጅዎ የላኩት እኮ ይሄንኑ ነው!» ብሎ ሳቀብኝ።

ገበሬ ማኅበሩ በዘመቻ ሰው አስወጥቶ አስነቅሎት ነበር አሉ። ተሰብሮ የቀረው ቁራጭ መልሶ ሞላው። ሙቀትና የቆመ ውሃ ይወዳል፤ ከየማሳው ታጥቦ የሚገባው ማዳበሪያ ደግሞ ያወፍረዋል። የእኛ የቀጨኔ ወንዝ እንኳ ቀዝቃዛ ነው፣ ይሮጣልም፤ ፋታ አይሰጠውም። ያንቺ ኩሬ ግን ግድብ ነው፤ ፀሐይ ያሞቀዋል፣ እበቱም ሳሙናውም ይገባበታል። በቃ፣ ለሱ ድግስ ነው! ሸማኔው ሁሉ ክሩን የት ሊያጥብ ነው?

ጥለሽው ከሆነ ቁራጭ ሳታስቀሪ ከነሥሩ አውጪው፣ ፀሐይ ላይ አድርቀሽ አቃጥዪው። ለጌጥ ብለሽ በቆርቆሮ ውሃም አታኑሪው።

ፖስት ካርዱ ሞላ፤ ጎረቤቱን ሁሉ በየስሙ ሳሚልኝ። በአበባው ፈንታ የደረቀ ዓሣ ይዤልሽ እመጣለሁ፤ እሱ እንኳ ኩሬ ቢወድቅ አይራባም።

ያንቺዋ ማሚቴ