ምላጭና ቀኝ ትከሻ

ጥር 7

ቶሎ ልጻፈው። ጠዋት ሱቁን ስከፍት ጋሽ ገብረ መድኅን ቀድመውኝ በር ላይ ቆመዋል። ጎባ ክርስትና አለባቸው፣ ይቸኩላሉ። አስቀመጥኳቸው፣ ፎጣ አሰርኩ፣ ቶንዶሱን አነሳሁ... ጆሯቸው ጋ ስደርስ ቀኝ ትከሻዬን ውግት አደረገኝ። ክንዴ ወረደ፣ ቶንዶሱም አብሮ ወረደ። ከጆሯቸው በላይ አንድ መንገድ ተከፈተ። አስፋልት ብቻ ነው የቀረው።

"ምንድነው እሱ?"

"መብራት ነው ጋሼ። ከፍ ዝቅ እያለ..."

ቀና ብለው አምፖሉን አዩት። እኔም አየሁት። ድርግም እንኳን አላለም።

ምን አደርጋለሁ? ሙልጭ አድርጌ ላጨኋቸው። መስታወቱን ትክ ብለው አዩና "ዛሬ ክርስትና የምነሳው እኔ ነኝ የሚመስለው" ብለው ወጡ።

እኔ የፈራሁት ሌላ ነው። ልጄ ዙሀይራ ከጎሮ መጥታለች፣ እኛ ቤት ልትወልድ። በሰባተኛው ቀን የሕፃኑ ፀጉር ይላጫል። ማን ነው የሚላጨው? እኔ ነኛ! ለሰፈሩ ሁሉ አውርቻለሁ። የሰው የልጅ ልጅ ስንቱን ላጭቼ የራሴን ለሌላ ልሰጥ?

በዚህ ትከሻ?

ጥር 9

ክንዴ እምቢ ያለው፦

ጃኬት ማውለቅ።
ጀርባ ማከክ።
ላይኛው መደርደሪያ።
ከኋላ ኪስ ገንዘብ ማውጣት። (በዚህኛው ብዙ አላዘንኩም። ሻይ ሌላ ሰው ይከፍላል።)
ተክቢራ፣ ለሶላት እጅ ማንሳት። ይሄ ግን አሳፈረኝ። ዛሬ ጁምዓ ላይ ግራ እጄ ጆሮዬ ጋ ደረሰ፣ ቀኙ ደረቴ ላይ ቀረ። ሰግደን ስንጨርስ አጠገቤ የነበረው ዓብዱልፈታሕ ጠጋ አለኝ።

"ማል ታቴ? ምን ሆነህ ነው?"

"ብርድ ነው።"

"ብርዱ አንድ እጅ መርጦ ነው የሚመታው?"

የሚገርመው፣ እጄ ታች ሲሆን አያመኝም። በግራ እጄ ደግፌ ከራሴ በላይ ካሳለፍኩትም ብዙ አያመኝም። ጉዱ መሃሉ ላይ ነው። የሰው ጭንቅላት ደግሞ ሁሉም መሃሉ ላይ ነው የተቀመጠው።

ማታ ሚስቴ ጁሀራ "ጃኬቱን አውልቅ፣ ልጠበው" አለች። "ይበርደኛል" አልኳት። የሮቤ ብርድ ለአንድ ቀን እንኳን ጠቀመኝ። ለብሼው ተኛሁ። አመነችኝ መሰለኝ... ሚስቴ ታምነኛለች?

ጥር 10

ነገ ጥምቀት ነው፣ ሱቁ ጢም አለ። መላ አገኘሁ! ክንዴ ከፍ ካላለ እኔ ከፍ እላለሁ። የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ ላዩ ላይ ቆምኩ። ክርኔን ከጎኔ ሳላላቅቅ ስቆርጥ ዋልኩ። አንድ የዲንሾ ሾፌር "ንግግር ሊያደርጉ ነው እንዴ?" አለኝ። ተሳቀብኝ። ይሳቁ። ረጅም ሰው ሲመጣ ቶንዶሱ ተበላሽቷል እላለሁ፣ ማዶ ወዳለው አዲሱ ፀጉር ቤት ይሻገራል። እዚያ ያለው ልጅ ክንዱን እንደ ባንዲራ ነው የሚሰቅለው።

አማቼ ወዚር ከጎሮ መጥቶ ሱቅ ብቅ አለ። በር የሚያክል ልጅ ነው። ትከሻ ለትከሻ ሊገጨኝ እጁን ዘርግቶ መጣ። እሱ ሰላም ሲል በሬ ነው! ሸሸሁ። ከሳጥኑ ላይ ሆኜ ግራ እጄን ሰጠሁት። ጨበጠኝ፣ ዙሀይራን አይቶ ምሳ እንኳን ሳይበላ ተመለሰ።

ምን ሆኖ ነው ይሄ ልጅ? ጋብቻውን በፊት እምቢ ብዬ ነበር፣ የእህል ደላላ ነው ብዬ። ግን እሱ አለቀ እኮ። እኔ ረስቼዋለሁ።

ጥር 15

ብልጥ አይደለሁም።

ጋሽ ገብረ መድኅን ጺም ሊላጩ መጡ። (ፀጉርማ የላቸውም።) ግማሹን እንደጨረስኩ ሳጥኑ ከስሬ ሸርተት አለ። ልወድቅ ስል መደርደሪያውን ያዝኩ... በየትኛው እጅ? በቀኙ! ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ነገር ከውስጤ ሰማሁ። መሬት ላይ ዘፍ። ፓውደሩ ሁሉ ላዬ ላይ።

ጋሼ ግማሽ ፊታቸው አረፋ፣ ፎጣው አንገታቸው ላይ፣ ይዘውኝ ሚኒባስ ገቡ። እስከ ጎባ ድረስ ሰው የሚያየው እሳቸውን ነው። "ታማሚው እሱ ነው" እያሉ ሲያስረዱ ደረስን።

ራጅ ተነሳሁ። አልተሰበረም፣ አልወለቀም። ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላኩኝ። ባለሙያዋ ሀይሚ ትባላለች፣ ዙሀይራን ብታክል ነው።

"አባቴ፣ ክንድዎን ወደ ጎን ያንሱ እስቲ።"

አነሳሁ።

"ይሄ ትከሻዎ ነው። ወደ ጆሮዎ ወሰዱት። እኔ ክንድዎን ነው ያልኩት።"

"አንድ አይደሉም?"

ሳቀች። ክንዴን ወደፊት አስዘርግታ አውራ ጣቴን ወደ ታች አስደረገችኝ፣ ከጣሳ ውሃ እንደሚደፋ ሰው። "እንዳይወርድ ይያዙት" አለችና በአንድ ጣቷ ጫን አደረገችው። ወረደ። በአንድ ጣት!

ያለችኝን እንዳልረሳው፦ የክንድ አጥንት ጫፉ ኳስ ነው። የሚቀመጥበት ግን ጉድጓድ አይደለም፣ ዝርግ ሰሃን ነው። ለዚህ ነው ክንድ እንደልቡ የሚዞረው፣ ለዚህም ነው ቶሎ የሚወልቀው። ውጭ ያለው ትልቁ ጡንቻ ያነሳል። ውስጥ ያሉት አራት ትንንሾቹ ደግሞ ኳሱ ከሰሃኑ እንዳይንሸራተት ይዘው ያዞሩታል። የአንደኛው ጅማት በላይ በኩል በጠባብ ቦታ፣ በአጥንትና በአጥንት መሃል ያልፋል። ክንዱን አንስቶ የሚውል ሰው፣ ፀጉር ቆራጭ፣ ቀለም ቀቢ፣ ያንን ጅማት ሲፈጨው ይኖራል። የእኔ አብጦ ቆይቷል፣ ዛሬ ደግሞ ትንሽ ተቀዷል።

"መቼ ነው የጀመረዎት?"

"ሦስት..."

"ሦስት ቀን?"

"ወር።"

ጋሼ በግማሽ ጺማቸው አፈጠጡብኝ። "አንተ! መብራት ነው አላልከኝም?"

ስድስት ሳምንት ክንድ ማንሳት የለም። ግን ጨርሶ ካላንቀሳቀስኩትም ይደርቃል አለችኝ። ባነሳው ይቀደዳል፣ ብተወው ይደርቃል... ለጭንቀታም ሰው እንዲህ ይባላል?

አንገት ላይ የሚታሰረውን ማንጠልጠያ ሰፈር ስደርስ ፈትቼ ኪሴ ከተትኩት። ዙሀይራ ቀኗ ደርሷል። አሁን አልነግራትም።

ጥር 17

የታዘዘልኝ እንቅስቃሴ፦ በግራ እጅ ጠረጴዛ ተደግፎ ጎንበስ፣ ቀኙን ልቅቅ አድርጎ እንደ ባልዲ ማወዛወዝ። እያወዛወዝኩ ሳለ ጁሀራ ገባች።

"ምን ጠፋብህ?"

"ቁልፍ።"

ምስኪን፣ ጠረጴዛው ስር ገብታ ትፈልግልኝ ጀመር። አላስቻለኝም፣ ነገርኳት።

"ከነጃኬትህ የተኛህ ቀን ነው የጠረጠርኩህ" አለች ከጠረጴዛው ስር። ወጣችና "ልጁን ግን አትነካም።"

"እነካለሁ።"

"በዚህ እጅ? በምላጭ?"

"ክርኔን ከጎኔ ካላላቀቅኩ..."

"የሕፃን ራስ ነው ሳላሀዲን! ድንች አይደለም!"

ተናደድኩ። ፊኛ ገዛሁ። ሙያውን ስንማር በፊኛ ነበር፣ አረፋ ቀብቶ መላጨት። ፊት ለፊቱ ደህና ሄደ። ወደ ኋላው ልዞር ክርኔን ከፍ ሳደርግ ያ ውጋት... ጧ! ዙሀይራ ከጓዳ ጮኸች። ሁለተኛውም ጧ። ሦስተኛውን አልነፋሁትም። ኪሴ ውስጥ አለ።

ጥር 19

ወንድ! ሁለቱም ደህና ናቸው። አልሐምዱሊላህ። ጁሀራ ምጡን ያመጣው ፊኛው ነው ትላለች። ልጁ ፀጉሩ... ያ ረቢ! እንዲህ ያለ ራስ ለሌላ ሰው ይሰጣል?

ጥር 21

ወዚር ደወለ፣ ለእኔ አይደለም፣ ለዙሀይራ። ሰባተኛው ቀን ጎሮ እናቱ ቤት ይሁን ብሏል። አራስ በመኪና? በዚያ አቧራ? ዙሀይራ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ጁሀራ እኔን ታየኛለች። እኔ ምን አደረግኩ?

ጥር 22

ዛሬ ዙሀይራ "ያዘው አባ" ብላ ሕፃኑን ዘረጋችልኝ። ግራ እጄን ብቻ ሰደድኩ። ልጁን መልሳ እቅፏ ውስጥ አደረገች። ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

"ልጄ፣ ትከሻዬ ታሟል። ልላጨው አልችልም።"

ማልቀስ ጀመረች። ለፀጉሩ መስሎኝ "ማዶ ያለው ልጅ ጎበዝ ነው፣ እሱን እንጠራለን" እላለሁ።

"ለፀጉሩ አይደለም! የመጣሁ ቀን በአንድ እጅህ ነው ያቀፍከኝ። ወዚርን ደግሞ በሰው ፊት ግራህን ሰጠኸው። ትከሻውን ሸሸኸው አባ! እሱ አሁንም አልወደዱኝም ብሎ ነው ልጁን ጎሮ ውሰጂልኝ ያለኝ። እኔም እንደዛ መስሎኝ... ስንት ቀን አለቀስኩ መሰለህ?"

እኔ እኮ የደበቅኳቸው እንዳይጨነቁ ነው። ጭንቀቱን ለብቻዬ የያዝኩ መስሎኝ ለሁሉም አካፍያለሁ።

ደወልኩለት።

"ወዚር፣ ትከሻዬ ነው።"

"ምን አሉኝ?"

"ትከሻዬ ተቀዷል። ያን ቀን የሸሸሁት ሕመሙን ነው እንጂ አንተን አይደለም። አንተ ሰላም ስትል ደግሞ... ታውቀዋለህ።"

"ታዲያ አይነግሩኝም ነበር አባባ?"

መብራት ነው ልበለው?

ጥር 25

ወዚር እናቱን ይዞ ጠዋት መጣ። ወደ እኔ ሲመጣ በግራዬ በኩል ዞሮ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ፣ እንቁላል እንደሚነካ። እናቱም አዩ፣ ጁሀራም አየች።

ማዶ ያለውን ልጅ ልንጠራ ስንል ወዚር "እርስዎ ይላጩ፣ ክንድዎን እኔ ልያዝ" አለ። ቀለደ ብዬ ነበር። አልቀለደም። ጁሀራ ሕፃኑን አቀፈች፣ እኔ ተቀመጥኩ፣ ወዚር ከኋላዬ ተንበርክኮ ክርኔን በሁለት መዳፉ ከስር ያዘ። ክብደቱን ሁሉ ለሱ ተውኩለት። የሚያነሳው እሱ፣ የሚላጨው ጣቶቼ።

"ትንሽ ከፍ። ቁም። ወደ ግራ... ቀስ!"

"ስንዴ እያጨዳችሁ ነው እንዴ? ኮምባይነር መሰላችሁ እኮ" አለች ጁሀራ። ወዚር ሳቀ፣ ክንዴ ተንቀጠቀጠ፣ ሁላችንም ጮህን። ምላጩ አየር ላይ ነበር፣ አልሐምዱሊላህ። ልጁ እንቅልፉን ተኝቷል።

በኋላ በኩልም ላጨሁት። አላመመኝም። ጭረት የለም፣ ሁለት ጊዜ አየሁ። ጁሀራም አየች። ሦስተኛ ጊዜ ልይ ስል ዙሀይራ ነጠቀችኝ።

ሱቁን እስከ የካቲት መጨረሻ ዘግቻለሁ። በሩ ላይ "ትከሻዬን አሞኛል" ብዬ ለጠፍኩ፣ ሌላ ሰበብ ሳልፈልግ። ደንበኛ ይሸሻል... ይሽሽ። ጋሽ ገብረ መድኅን ማዶ ሄደው ተላጭተው መጡ። "እዚያ መብራት አይወዛወዝም" አሉኝ።

ፀጉሩ በፖስታ ውስጥ አለ። ተመዝኖ በክብደቱ ልክ የጌጥ ብር ዋጋ ለምስኪን ይሰጣል። ዛሬ እሁድ ነው፣ ሚዛን ያለው ወርቅ ቤት ዝግ ነው። ለልጁ የታረደው በግ ዋጋ ተከፍሏል። የፀጉሩ ሰደቃ ገና አልተከፈለም።