አዲሱን ዕቃ ስለ ማስረጀት

ዛሬ ሐምሌ ፲፰ ቀን ፲፱፻፶፫ ዓ.ም. በጋምቤላ ከተማ፣ ከወደቡ በላይ ባለው ቤቴ፣ እኔ የነጋዴው የኢብራሂም ሚስት የነበርኩ ዘሃራ ይማም በምስክሮች ፊት ቃሌን እሰጣለሁ። እግሬ ከድቶኛል፣ ሆዴም ምግብ አልቀበልም ብሏል፤ አእምሮዬ ግን ከእኔ ጋር ነው። የሚጠራጠር ቢኖር ትናንት ልጄን ጀማልን በምን ቃል እንደ ተቆጣሁት ይጠይቀው። ቃሌን የሚጽፉልኝ ሼህ ፈረጅ ናቸው።

ቤቱንና ሱቁን ከሞትኩ በኋላ ቃዲው እንደ ሸሪዓው ለጀማልና ለእህቱ ለሰይዳ ያካፍሉ፤ እኔ አልገባበትም። የስፌት መኪናዬን ለጎረቤቴ ለከይሪያ ሰጥቻለሁ። የወደቅሁ ዕለት ከልጆቼ ቀድማ የደረሰችልኝ እሷ ናት።

ቀጥሎ ያለው ውርስ አይደለም፤ ዛሬ በቁሜ የምሰጠው ስጦታ ነው። ከአልጋዬ አጠገብ ባለው ሳጥን ያለው ዕቃ፣ ማለትም አንሶላው፣ ብርድ ልብሱ፣ ባለ አበባው ሰሃን፣ ብርጭቆውና የመታጠቢያ ሳፋው፣ ሰይዳ ስትዳር ይሆናታል ብሎ አባቷ በመርከብ ያስመጣው ነው። እሷ ከተዳረችም በኋላ እስከ ዛሬ ከወረቀቱ አልወጣም። እኛ ዘንድ ጥሩ ዕቃ ለእንግዳ ይቀመጣል፤ የመጣው እንግዳ ሁሉ ደግሞ ለዚያ ዕቃ አልበቃ አለ።

አሁን የሰይዳ ባል ካርቱም ሥራ ይዞ፣ ቤት ተከራይቶ ይጠብቃታል። የጉምሩኩ ጸሐፊ አቶ በሪሁን እንዳስረዱኝ፣ አገር ለቆ የሚሄድ ሰው ያገለገለ የቤት ዕቃውን ያለ ቀረጥ ይዞ ይወጣል፤ አዲስ የሆነው ግን እንደ ሸቀጥ ይቆጠራል። የሟች ዕቃ ከሆነ ደግሞ ክፍፍሉ እስኪያልቅ ከወደቡ አያልፍም። ጀማል ይህን ሰምቶ «እንግዲያው ሱቅ ገብቶ ይሸጥ» አለ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሚዛን ፊት አድጎ ነው። ነገር ግን አባቱ ለእህቱ የገዛውን ገበያ ሲያወጣ አላይም።

ስለዚህ አንሶላው ዛሬውኑ እኔ የምተኛበት አልጋ ላይ ይነጠፍ። ሾርባዬ በባለ አበባው ሰሃን ይቅረብልኝ፤ ገላዬንም በአዲሱ ሳፋ እጠቡኝ። ምስክሮቼ ሻይ የጠጡት በዚያው ብርጭቆ ነው። የወደቡ ጫኝ አቶ ኦጁሉ አንዱን ሰብረው ደነገጡ፤ እኔ ደስ አለኝ። ደርዘኑ የጎደለ ብርጭቆ አዲስ ነው የሚል ጉምሩክ የለም። ይህን ስናገር አቶ በሪሁን ወደ መስኮቱ ዞረው ነበር። ይዙሩ፤ ሕግ አላስጣስኳቸውም። በሽተኛ ሌት ተቀን የተገለገለበት ዕቃ ያገለገለ ዕቃ ነው።

ባሮ ሞልቷል። ወደቡ ላይ የቆመው መርከብ ውሃው ሳይጎድል ወደ ካርቱም ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ መጪው ክረምት ሌላ አይመጣም። ሰይዳ ግን እራስጌዬ ቁጭ ብላ «እማዬ፣ አንቺን እንዲህ ጥዬማ የትም አልሄድም» ትላለች። ይህም ይጻፍ ብያለሁ።

ልጄ፣ እኔ ከወሎ ስወጣ እናቴ በር ይዛ አለቀሰችብኝ፤ ያንን ለቅሶ እስከ ዛሬ ተሸክሜዋለሁ። አንቺን እንደዚያ አልሸኝም። ሞቴን ስትጠብቂ መርከቡ ቢያመልጥሽ፣ በሞትኩም ባልሞትኩም ጸጸቱ የእኔ ነው። ብሞት የሚያጥበኝና የሚሰግድብኝ ሰው በጋምቤላ አላጣም። የማባርርሽ ስለምወድሽ ነው።

ስጦታው የሚጸናው ሰይዳ እሄዳለሁ ብላ በእጇ ስትጽፍ ነው። ካልጻፈች ጀማል እንዳለው ይሁን፤ ዕቃው ይሸጥ።

ቃላቸው ተነብቦላቸው «አዎ፣ ያልኩት ይኸው ነው» ብለው ተናዛዧ በአውራ ጣታቸው አትመዋል።

ያየንና የሰማን ምስክሮች፦
ሼህ ፈረጅ፣ ጸሐፊና ምስክር፤
አቶ በሪሁን፤
አቶ ኦጁሉ ኦሞድ፤
ወይዘሮ ከይሪያ፣ በጣት አሻራ።

ሰይዳ ብዕሩን ከሼህ ፈረጅ ተቀበለች። የሚከተለውንም በእጇ ጻፈች።

«እኔ ሰይዳ ኢብራሂም እናቴ የሰጠችኝን ሁሉ ተቀብያለሁ። እሄዳለሁ። አፈር ሳላለብሳት እንድሄድ የወሰነችው ግን እሷ እንጂ እኔ አይደለሁም፤ ይህም ይታወቅልኝ።»