አቶ ዊልፍሬድ ሃቨርሾ እና ከሴቶች ስም ሥር ያሰመሩት መስመር

ወገኖቼ፣ የቆማችሁ ተቀመጡ፤ ከኋላ ያላችሁም ጠጋ በሉ። የወንድሜን ነገር አላስረዝምባችሁም።

አቶ ዊልፍሬድ ሃቨርሾ ከአባታቸው ከአቶ ኧርነስት ሃቨርሾ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤዲት፣ በዮርክሻየር ከሸለቆው አናት ባለው የሃቨርሾ እርሻ በ1931 ተወለዱ። እስከ አሥራ አራት ዓመታቸው በመንደሩ ትምህርት ቤት ተምረው፣ ከአባታችን ጋር የድንጋይ ካብ መካብ ያዙ። ወደዚህ ስትመጡ በግራ በቀኝ ያያችሁት ካብ አብዛኛው የእሳቸው እጅ ነው። በ1956 ወይዘሮ ዶሪንን አግብተው አንዲት ልጅ፣ ሂላሪን፣ ወለዱ።

ስማችን የወጣው ከዚያው እርሻ ነው። በድሮ ዘመን አንድ ሰው ከላይ ወደ ገበያ ሲወርድ የሸለቆው ሰው በእርሻው ስም ጠራው፤ ስሙ በልጆቹ ላይ ቀረ። ልጆቹም ወደ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ወደ ወደብ፣ ከዚያም በመርከብ ወደ ሩቅ አገር ተበተኑ። ወንድሜ አርባ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ እየጻፉ የተበተነውን ሰበሰቡ፤ በግድግዳ ወረቀት ጀርባም የዘር ሐረጉን በእርሳስ ሣሉ።

አንድ ደንብ ግን ነበራቸው። ሴት ልጅ ስታገባ ስሟ ይለወጣልና፣ ከሥሯ አጭር መስመር ያሰምሩባታል፤ ልጆቿ አይጻፉም። እኔንም እህታቸውን በመስመር ዘግተውኛል፤ ስቄ አለፍኩት። በ1984 ሂላሪ የሁለት ወር ልጇን ታቅፋ መጥታ ከስሟ ሥር ያለውን መስመር አየች።

«አባዬ፣ ይሄን ልጅ የት ልታስገባው ነው?»

«እሱማ የአባቱ ወገን የሱትክሊፎች ነው። ሱትክሊፎች ይጻፉት።»

«እንግዲያው ሻይ የሚያፈላልህም አንድ ሃቨርሾ ፈልግ።»

ወጣች፤ ያን ቤት ዳግመኛ አልረገጠችም። እናቷን ስንቀብር እንኳ ከመቃብሩ ዳር ቆማ ተመለሰች።

በ2009 ወይዘሮ ኢቫዲን ሃቨርሾ የሚባሉ፣ ወንድሜ ደንባቸውን የገለጹበት ደብዳቤ ደርሷቸው ከጃማይካ ጻፉ። «ስሙን በባርነት ዘመን የሸንኮራ እርሻው ጌታ ጫነብን፤ እስከ ዛሬ ያቆዩት ግን እናቶች ናቸው። የእርስዎ መስመር በእኛ ላይ ቢሰመር ኖሮ ማንም አይተርፍም ነበር» ይላል ደብዳቤው። ወንድሜ ደብዳቤውን ኮታቸው ኪስ ከተው ከረሙ።

«በል ዊልፍ፣ ልጅህን ጥራት» አልኳቸው።

«ምን ብዬ?»

«ተሳስቻለሁ ብለህ።»

«እስቲ ክረምቱ ይለፍ።»

ዘጠኝ ክረምት አለፈ።

ባለፈው ኅዳር ሳንባቸው ደክሞ አልጋ ላይ ሳሉ ወረቀቱን አስመጡኝ። የእኔን መስመር አጠፉ፤ የሂላሪንም አጠፉ። እርሳሱን እንደያዙ ቀና አሉና፣ «የልጁ ስም ማን ነበር?» አሉኝ። እኔ ደግሞ፣ «ራስህ ደውለህ ጠይቃት» አልኩ። ለመልካም ብዬ ነበር። «ነገ» አሉ። ኅዳር 19 ቀን 2018 ሊነጋጋ ሲል አረፉ። ምነው ስሙን ነግሬያቸው ቢሆን ኖሮ።

ስሙ ኔይል ነው። ይኸው ከእናቱ ጎን ተቀምጧል።

እኔን እህታቸውን ኦድሪን፣ ልጃቸውን ሂላሪንና የልጅ ልጃቸውን ኔይልን ተለይተውናል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ካብ በማያስፈልግበት መስክ ያሳርፍልን።

ወረቀቱ አዳራሹ ውስጥ ተዘርግቷል፤ እርሳስም አለ። ሻይ ስትጠጡ እባካችሁ ጠጋ ብላችሁ፣ እህቶቻችሁ የወለዷቸውን አስታውሱ።