ለእድሩ ዳኛ፦ ሳልታመም ፈቃድ ስለ መጠየቄ

ጥቅምት 2018 ዓ.ም.
አቃቂ በሰቃ

ለተከበሩ አቶ አምባው ጣሰው
የበሰቃ ማዶ መረዳጃ እድር ዳኛ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በብስክሌት ምክንያት ለተደረገልኝ ክብር ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

የተከበሩ አቶ አምባው፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? ጠዋት ጠዋት እጅዎን ወደ ኋላ አጣምረው ከግቢ በርዎ ላይ እኔን ለማየት ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆሙ፣ የጥቅምት ብርድ እንዳይጎዳዎት እሰጋለሁና ጋቢ ደርበው እንዲወጡ በትሕትና አሳስባለሁ። እኔ የሰፈሩን ልጆች ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁት ዙፋን ኤባ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ችግሬም ይኸው ደህና መሆኔ እንደ ሆነ ከዚህ ቀጥሎ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ይህ ደብዳቤ በእድሩ አዳራሽ በር ላይ ስለሚለጠፍ፣ ነገሩን ላልሰሙ አባላት (ካሉ) ባጭሩ ልንገራቸው። የቀድሞ ተማሪዬ ፌኔት ናይሮቢ ትሠራለች። በየዓመቱ እሷና ጥቂት ሴቶች፣ መሪያቸውም ሴት ሆና፣ እዚያው ኬንያ በናይቫሻ ሐይቅ ዙሪያ ለአንድ ሳምንት በብስክሌት ይጓዛሉ። ዘንድሮ ስምንተኛዋ እኔ እንድሆን ጋበዘችኝ፤ እኔም እሺ አልሁ። በደንባችን መሠረት ከቀብርና ከለቅሶ የሚርቅ አባል አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ስላለበት ማመልከቻ ጽፌ አስገባሁ። «ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ «ደስታ» ብዬ ሞላሁ። ከዚያ በኋላ የተደረገልኝን ሁሉ በየተራ አመሰግናለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አስቸኳይ ስብሰባው። ባለፈው ክረምት የእድሩ ድንኳን ተቀዶ ለቀስተኛው እንባውን ከዝናቡ መለየት ባቃተው ጊዜ፣ ኮሚቴው ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም ብሎ ጉዳዩን አስተላልፎት ነበር። ድንኳኑ እስከ ዛሬ እንደ ተቀደደ ነው። የእኔ ማመልከቻ በደረሰ በማግስቱ ግን ወገባቸውን ታመው የተኙት ሳይቀሩ የኮሚቴው አባላት በሙሉ ተገኝተዋል። ብስክሌት የምትነዳ አንዲት ሴት ምልዓተ ጉባኤ በማሟላት ይህን ያህል የምትጠቅም ከሆነ፣ ስለ ድንኳኑ በምትሰበሰቡበት ቀን በአዳራሹ ፊት ለፊት እየተመላለስሁ ለመንዳት ፈቃደኛ መሆኔን እገልጻለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ፈቃዱ። ደንባችን ለሕመም፣ ለሥራ፣ የወለደች ልጅ ለማረስ፣ ለጸበልና ለገዳም ፈቃድ ይሰጣል። ደስታ የሚል አንቀጽ ግን የለውም። የእድሩ ጸሐፊ ይህን አይተው አዝነውልኝ መንገድ ላይ አስቁመውኝ «እትዬ ዙፋን፣ ምን አከራከረዎት? ‘ለሕክምና’ ብለው ይጻፉና ይሂዱ! ማን ሆድዎን ከፍቶ ያያል?» ሲሉ መክረውኛል። ስለ ቅንነታቸው አመሰግናለሁ። ሆኖም እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የቀሪ ተማሪዎችን የይቅርታ ወረቀት ሳነብ የኖርሁ ሰው ነኝ። በአንድ መንፈቅ ዓመት ውስጥ አያቱን ሦስት ጊዜ የቀበረ ተማሪ ነበረኝ፤ በሦስተኛው ለቅሶ ለመድረስ ብሄድ በሩን የከፈቱልኝ ሟቿ ራሳቸው ነበሩ። ስለዚህ በስተርጅና እንደዚያ ያለ ወረቀት በራሴ ፊርማ ለማቅረብ እጄ እምቢ አለኝ። ከእድራችን ፈቃድ አግኝቶ ለመሄድ መታመም እንደሚያስፈልግ፣ ጤነኛ ግን ቤቱ መቀመጥ እንዳለበት አሁን ተረድቻለሁ። ደንቡን ያረቀቁት ሰዎች ለጤና ያላቸውን ጥንቃቄ አደንቃለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ላኩልኝ ሽማግሌዎች። ወደ ቤቴ ሽማግሌ ከተላከ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበርና ክብሩ ተሰምቶኛል፤ ያን ጊዜም እሺ አላልሁም። ጋሽ ገዳ ገና ከመቀመጣቸው «ዙፋኔ፣ እኔ አባትሽን አውቀዋለሁ። ኤባ በቅሎ ነበረው። በቅሎ ብትቀመጪ እኮ ማንም ምንም አይልሽም ነበር!» አሉኝ። በቅሎዋን ካመጡልኝ እሷን ይዤ እንደምሄድ ነገርኋቸው። አቶ ወንድዬ በበኩላቸው «እሺ፣ ሴት ብቻችሁን ናችሁ፤ ጎማ ቢተነፍስስ? እዚያ ሜዳ ላይ ጎሚስታ ከየት ይመጣል?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄ በሚገባ ከተጠየቀ በሚገባ መመለስ አለበት ብዬ ስለማምን፣ ብስክሌቱን ሳሎን አስገብቼ ገለበጥሁት፤ የኋላ ጎማውን ፈትቼ የውስጡን ቀየርሁና ነፍቼ መለስሁት። አቶ ወንድዬ ግራሶው እንዳይነካቸው እግራቸውን ሶፋው ላይ ሰቅለው ነበር። ሻያቸውን ሳይጨርሱ ጋሽ ገዳ «ወንድዬ፣ ተነሥ እንሂድ። ይቺ ልጅ መልሱን ከኛ በፊት ታውቀዋለች» ብለው ይዘዋቸው ወጡ። ለሽምግልናው ውጤት ማጣት ተጠያቂው ጎማው እንጂ እነርሱ እንዳልሆኑ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።

አራተኛ፣ ስለ ሲኦል በር። ፌኔት በላከችልኝ መርሐ ግብር ላይ በሦስተኛው ቀን የምንገባበት ፓርክ ስሙ «የሲኦል በር» ነው። ከዓለቱ ሥር ትኩስ እንፋሎት ስለሚወጣ የወጣለት ስም ሲሆን፣ የሜዳ አህዮች ሣር የሚግጡበትና ጎብኚ በብስክሌት እንዲዞርበት የሚፈቀድለት ሰላማዊ ቦታ ነው። ጸሐፊው ይህን ስም በስብሰባው ላይ ጮክ ብለው ሲያነብቡ፣ አንድ የኮሚቴ አባል አማትበው «ሰው በእግሩ ለመድረስ የሚፈራውን እሷ በሳይክል?» ማለታቸውን ሰምቻለሁ። ወዲያውም «ለደስታ በሄደበት ስፍራ ለሚሞት አባል እድሩ ድንኳን አይተክልም» ተብሎ ተወስኗል። ውሳኔውን በአክብሮት ተቀብዬ አንድ ነገር ብቻ ላስታውስ። አምና ከሠርግ ሲመለስ ቦይ ውስጥ ወድቆ ያረፈው ወንድማችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሠርጉ ላይ የተገኘው ለሕክምና አልነበረም። ድንኳኑ ግን በዚያው ዕለት ተተክሏል፤ እርስዎም ቆመው «ሲጫወት ኖረ፣ ሲጫወት ሄደ» ብለው አመስግነውታል። እኔም አልቅሻለሁ። የሲኦልን በር በተመለከተ ደግሞ፣ እኔ የማውቀው ቃሊቲ ዋናው መንገድ ላይ እግረኛ በከባድ መኪኖች መካከል የሚሻገርበትን ነው። እዚያ ስንት ዘመን ለገበያ ስመላለስ እድሩ አንድም ቀን ተሰብስቦልኝ አያውቅም።

አምስተኛ፣ ሱሪ መልበሴን በተመለከተ፦ ቀሚሴ ሰንሰለት ውስጥ ቢገባ ኖሮ መንደሩ ከዚህ የበለጠ ያይ ነበር።

ስድስተኛ፣ በራስዎ አቅራቢነት በሙሉ ድምፅ ስለ ጸደቀው ውሳኔ። «ይህን ብስክሌት ለአባሏ የሰጠው ወይም የሸጠው ግለሰብ ተጣርቶ በእድሩ ፊት ይገሠጽ» ይላል። በዚህ ላይ ለጊዜው አስተያየት የለኝም፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ሰባተኛና የመጨረሻው፣ ያለ ፈቃድ ከሄድሁ ከአባልነት እንደምሰረዝ የሚገልጸው ማስጠንቀቂያ ነው። በዚህኛው ላይ ማሾፍ አልቻልሁም። አቶ አምባው፣ እንደሚያውቁት ልጅ የለኝም። ወንድሞቼ ቀድመውኛል፤ የቀበራችኋቸውም እናንተ ናችሁ። እናትዎ ባረፉ ጊዜ በዚያ ጭቃ ከአስከሬኑ ኋላ እስከ ቤተ ክርስቲያን የሄድሁት፣ ሴቶቹ ጓዳ ሽንኩርት ሲከትፉ አብሬ የከተፍሁት፣ አንድ ቀን «ይህች ሴት የማን ናት?» ሲባል «የእኛ ናት» የሚል ሰው እንዲኖር ነበር። እድር ለሌላው መረዳጃ ነው፤ ለእኔ ዘመድ ነው። ይህን አውቃችሁ የያዛችሁት ገመድ ትክክለኛው ገመድ ነው። አሰራችሁኝ። ማስጠንቀቂያው የደረሰኝ ቀን የሸከፍሁትን ሻንጣ ፈትቼ ልብሱን ቁም ሣጥን መለስሁት። ለፌኔትም መቅረቴን ልነግራት ስልኩን አንሥቼ ነበር።

በዚህ መካከል ጋሽ ገዳ ብቻቸውን በከዘራ እየተደገፉ መጡ። አልተቀመጡም። በሩ ላይ እንደ ቆሙ «ሂጂ። ስትሞቺ እኔ እቀብርሻለሁ» አሉኝ።

ጋሽ ገዳ ሰማንያ ካለፋቸው ሰንብቷል። የሒሳብ መምህርት እንደ መሆኔ ስሌቱ እንደማያስኬድ አውቃለሁ። ቢሆንም ተቀበልሁት። ሻንጣውንም እንደገና ሸከፍሁ።

ስለዚህ የፊታችን ሐሙስ እንደምሄድ በዚህ ደብዳቤ አሳውቃለሁ። መሰረዜ የማይቀር ከሆነ፣ እስክመለስ ድረስ ተጠብቆ በጠቅላላው ጉባኤ ፊት፣ እኔም ባለሁበት፣ ሴቶቹም ከጓዳ ወጥተው በተቀመጡበት እንዲደረግ እጠይቃለሁ። በዚያው ዕለት በደንቡ ውስጥ ከ«ጸበል» ቀጥሎ «ደስታ» የሚል አንድ ቃል እንዲጨመር ሐሳብ አቀርባለሁ። ከጉባኤው መካከል «እኔም እኮ አንድ ቀን ...» የሚል አንድ ሰው ከተገኘ ይበቃኛል። ካልተገኘም ስሜን ሰርዙት፤ ድንኳኑን ግን እባካችሁ ስፉት፤ ከእኔ ቀድሞ የሚሞት አይጠፋምና።

እድሩን ለብዙ ዘመን በትጋት፣ በንቃትና ከግቢ በር ላይ ሆነው ስለ መሩ፣ ማንም ሳይጠይቅዎት የእያንዳንዳችንን መውጫና መግቢያ ስለ ጠበቁ፣ ስለ ነፍሴም ከእኔ በላይ ስለ ተጨነቁ ልባዊ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ ምንም እንኳ በእድራችን ጤና ፈቃድ የማያሰጥ ቢሆንም።

ከማይቋረጥ አክብሮት ጋር፣
እስከ ሐሙስ ድረስ የማያጠራጥር፣ ከዚያ በኋላ አከራካሪ አባልዎ

መምህርት ዙፋን ኤባ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለእድሩ ጸሐፊ (ማመልከቻዬን አሁንም «ለሕክምና» ብለው እንዳያርሙት በአክብሮት በማሳሰብ)
ለጋሽ ገዳ

ከፊርማዬ በኋላ፦ በስድስተኛው ላይ የቀረውን ልጨርስ። ኮሚቴው በማጣራት እንዳይደክም፣ ብስክሌቱን የሰጠኝን ሰው ራሴ ልናገር። ብስክሌቱ የእርስዎ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በነበሩ ጊዜ ሥራ ይመላለሱበት የነበረው፣ ከዚያ ወዲህ ዕቃ ቤትዎ ጣሪያ ላይ ተሰቅሎ የኖረው ነው። አውርደው፣ ዘይት ቀብተው፣ ጎማውን አስቀይረው የሰጡኝ ባለቤትዎ ወይዘሮ ቢፍቱ ናቸው። ቀድመውኝ የለመዱትም እርሳቸው ሲሆኑ፣ በድሮው የባቡር ሐዲድ ዳር ኮርቻዬን ይዘው እየሮጡ ያስተማሩኝም እርሳቸው ናቸው። የሚነዱበት ቀን እርስዎ ኮሚቴ የሚሰበሰቡበት ቀን ነው፤ ሰሞኑን በእኔ ምክንያት ስብሰባው ስለ በዛ በጣም ተሻሽለዋል። ይህን የምጽፈው በፈቃዳቸው ነው፤ «እኔማ ልነግረው ስል ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው» ብለውኛል። ለሚመጣው ዓመት ጉዞ ፌኔት ቦታ ይዛላቸዋለች። በውሳኔው መሠረት የሚገሠጹ ከሆነ፣ መገሠጹን እርስዎ ራስዎ ቤትዎ ውስጥ ቢፈጽሙት ኮሚቴው እንደማይቃወም አምናለሁ።

ብስክሌቱን እንዴት እንዳላወቁት አስቤበት ነበር። አረንጓዴ ተቀብቷል፤ ቀለሙ ጠዋት ጠዋት ከሚደገፉት የግቢ በርዎ የተረፈው ነው። ደወሉ ግን አልተቀየረም። በደጅዎ ባለፍሁ ቁጥር እደውለው የነበረው፣ ባለቤቱን ሰላም ሳልል ማለፍ ነውር ስለ መሰለኝ ነው።