ራዲያተር የጠጣው ጠበል

ሰኞ

ደፋሁት። እስከ ጠብታው ደፋሁት። የአባን ጠበል ለራዲያተር አጠጣሁት።

ዛሬውኑ በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ ካደረ ለራሴ እያደላሁ ማጣመሜ አይቀርም። የነፍስ አባቴን አባ ተክሌን ከላሊበላ ወደ ወልድያ ሆስፒታል እያደረስኳቸው ነበር። ደረታቸውን ካመማቸው ቆይቷል። በመንገዳችን ኩልመስክ ላይ ለታላቅ እህታቸው ለእትዬ ስንዱ የሚሰጡት አንድ ትንሽ ቢጫ ጀሪካን ጠበል ይዘዋል። እትዬ ስንዱ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። አባ በዚያ ሳላቸው፣ በውርጭ ተሰልፈው ነው የቀዱላቸው። ጀሪካኑ እንደ ክቡር እንግዳ ነጠላ ለብሶ ከኋላ ወንበር ተቀምጧል።

የመኪናዬ ማሞቂያ ከኅዳር ወዲህ ደክሟል። አባ እጃቸውን ወደ አየር መውጫው ዘረጉና፣ "ልጄ ደምስ፣ ይቺ መኪና ነፍሷ ከወጣ ሰነበተ መሰለኝ፤ ትንፋሿ የሬሳ ነው" አሉኝ።

እኔም እንደ ቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ "በሂደት ላይ ነው አባ" አልኩ። ሳሉ። ማሞቂያውን ላሠራው ስል ጾሙ ገባ፤ አሁን ደግሞ ገና ሊደርስ ነው።

ዳገቱ ወገብ ላይ የሙቀት ጌጁ ቀይ ውስጥ ገባ። ቆምን። አባ ከቋጥኙ ጀርባ ሊጸልዩ ወረዱ። ጸሎት ነው ያሉት፤ አልተከተልኳቸውም። ኮፈኑን ከፈትኩ፤ ራዲያተሩ ጎድሏል። የራሴ ጀሪካን ባዶ ነው፤ ጠዋት አባን በቆሸሸ መኪና አላሳፍርም ብዬ ጎማ አጥቤበታለሁ። በአካባቢው ውሃ የለም። ያለው አንድ ውሃ ነጠላ ለብሶ ከኋላ ተቀምጧል።

ብጠይቃቸው ምናልባት ይፈቅዱልኝ ነበር። አልጠየቅኩም። ከዚያ በኋላ የሠራሁት ደግሞ ይብሳል፦ አባን እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋቸው ራቅ ብሎ ካገኘሁት ወንዝ ዳር ቆሜ ጀሪካኑን ሞላሁት። ከብት የሚጠጣበት ወንዝ ነው።

እትዬ ስንዱ ጀሪካኑን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ተሳለሙት። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ማክሰኞ

አባን ሆስፒታል አስተኝተዋቸዋል። ሐኪሙ፣ "ቅዳሜ ይወጣሉ። በመንገድ ብርድ ካገኛቸው ግን መልሰህ ነው የምታመጣቸው፤ ለመምጣት ከታደሉ" አለኝ።

ባዶ መኪና እየነዳሁ ወደ ላሊበላ ተመለስኩ። ኩልመስክን መሪው ላይ ተደፍቼ አለፍኩ።

የሚጠብቁኝ ሥራዎች ማሞቂያና ንስሐ ናቸው። ንስሐው ችግር አለበት፦ የምናዘዘው እዚያው የሰረቅኳቸው ሰውዬ ዘንድ ነው። ግምገማ ቢሆን ኖሮ "የአሠራር ክፍተት ነበረብኝ" ብዬ፣ ግለ ሂስ አውርጄ፣ ተጨብጭቦልኝ እወጣ ነበር።

ረቡዕ

መካኒኩ ሰይድ ወዳጄ ነው፤ ስለዚህ ሰድቦኝ ነው ሥራ የሚጀምረው። ከሞተሩ ወደ ማሞቂያው የሚሄዱትን ሁለት የጎማ ቱቦዎች ዳሰሳቸው። አንዱ ያቃጥላል፤ አንዱ በረዶ ነው።

"ሙቁ ውሃ እዚህ ድረስ ይመጣል፤ ማለፊያ የለውም። የማሞቂያዋ ትንሿ ራዲያተር በጭቃ ተደፍናለች። አንተ ሰውዬ፣ ምን እያጠጣሃት ነው የኖርከው?"

"ውሃ።"

"የክረምት ጎርፍ በለው! ያለውን ሁሉ አፍስሰን በግፊት እናጥባት።" ከሥር ገብቶ ማፍሰሻውን ሊፈታ እጁን ሰደደ።

"እንዳታፈሰው!" ብዬ ጮህኩ።

"ምኑን?"

"ውሃውን። መሬት ላይ እንዳይፈስ።"

"ምነው ደምስ፣ ወርቅ ነው የጨመርክባት?"

ጠበል እግር በሚረግጠው ቦታ አይደፋም። ይህን ሳላስረዳው ዋናውን ነገር ነገርኩት። እንግዲህ መጀመሪያ የተናዘዝኩት መኪናዬ ሥር በጀርባው ለተኛ እስላም ነው። ሰይድ እጁን ከማፍሰሻው አነሣ። ተንፏቆ ወጣ።

"አስተግፊሩላህ! የቄስ?"

"የቄስ።"

"የታመመ ቄስ?"

"በቃህ እንግዲህ።"

ጋራዡ ውስጥ ያሉትን ሳፋዎች እያገላበጠ አየና አንዱንም አልወደደውም፤ ቤቱ ሄዶ የሚስቱን ሳፋ ይዞ መጣ። "ሰው በሚረግጠው ላይማ አላፈሰውም። የራስህን ጣጣ ለኔ አታውርሰኝ" አለ። ሳፋው ዝገት ባቀላው ጠበል ሞላ። ራሴ ተሸክሜ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ፣ እግር የማይደርስበት ጽድ ሥር ደፋሁት።

ዘበኛው፣ "ምንድን ነው?" አለኝ።

"ጠበል።"

"ምነው ቀላ?"

"ደጋ ወጥቶ ወርዶ ነው" አልኩት። አላመነኝም፤ ግን አማተበ።

ሐሙስ

ትንሿን ራዲያተር በውሃ ግፊት አጠብናት። የወጣው ጭቃ ችግኝ ያበቅላል። ገጠምናት፣ ውሃ ሞላን፣ አስነሳናት፤ ማሞቂያው ከበፊቱ ባሰበት።

"አብሽር፣ አየር ይዟት ነው" አለ ሰይድ። አፍንጫዋን ወደ ዳገት አዙረን አቆምናት። የራዲያተሩን ክዳን ከፍተን፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ለቀን ጠበቅን። ውሃው ቡልቅ ቡልቅ እያለ አየሩን ተፋ። ከዚያ ሙቀቱ መጣ! ፊቴን አየር መውጫው ላይ ደቅኜ እንደ ድመት ዓይኔን ጨፈንኩ።

በዚህ መሀል ከሙጃ ገበያ የመጣ የአይሱዙ ሹፌር ጎማ ሊያስነፋ ገባ። በኩልመስክ ነው ያለፈው።

"የአባ ተክሌ እህት ተአምር እያዩ ነው አሉ" አለ።

"ተነሡ?"

"ኧረ ጠበሉ እያነጻቸው ነው። ከሰኞ ጀምሮ ሆዳቸው አላረፈም፤ ላይና ታች ነው። በሽታው ሊወጣ ነው ብለው ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዳቸው እየጨመሩ ይጠጣሉ።"

ፊቴ እዚያው ሙቀቱ ላይ እንዳለ በረደኝ። ይበልጥ ባመማቸው ቁጥር ይበልጥ ያምናሉ፤ ይበልጥ ባመኑ ቁጥር ይበልጥ ይጠጣሉ። በአንድ ጀሪካን ሰው ልገድል ነው። ቤታቸው ስልክ የለም፤ መሽቷል፣ ዳገቱም በጨለማ አይነዳም።

ዓርብ

ጎሕ ሲቀድ ተነሣሁ። ስደርስ እትዬ ስንዱ መደቡ ላይ ተጋድመዋል። ከንፈራቸው ደርቋል፤ ኩባያው እጃቸው ላይ ነው።

"ደምስ ልጄ፣ ጠበላችሁ ኃይለኛ ነው!"

"እትዬ፣ አይጠጡት። የወንዝ ውሃ ነው።"

ሁሉንም ነገርኳቸው። ኩባያውን አስቀመጡ።

"ከየትኛው ወንዝ?"

"ከብቱ ከሚጠጣበት።"

"ከሰኞ ጀምሮ ከላም ጋር ነዋ የምታጠጣኝ!" ዱላቸውን አነሡ። አልደረሰኝም፤ ጠጋ አልኩላቸው።

ተሸክሜ መኪና ውስጥ አስገባኋቸውና ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። በመንገድ፣ "እግሬን የሚያቃጥለኝ ምንድን ነው?" አሉ። "ማሞቂያው ነው።" "እሱ ከጠበልህ ይሻላል።" ጉሉኮስ ተሰቀለላቸው። ከሰዓት በኋላ ዓይናቸው ጠራ፤ ስድባቸውም በዚያው ልክ ጠራ። አጥሚት ሲጠጡ አይቼ ነው ከፊታቸው የተነሣሁት።

"ለወንድሜ ራስህ ንገረው" አሉኝ። "እኔ ከነገርኩት እጨምርበታለሁ።"

ቅዳሜ

አባ ከሆስፒታል ወጡ። ዳገቱን ስንጀምር የአንገት ልብሳቸውን ፈቱ፤ ትንሽ ቆይተው ጋቢውንም። "ተመስገን፣ ነፍስ ዘራች!" አሉ። እንዲህ ደስ ብሏቸው ሳለ ነገርኳቸው፦ ዳገቱን፣ ወንዙን፣ እህታቸውን። መንገዱን እንጂ እሳቸውን አላየሁም።

አለመሳላቸው ከመሳላቸው ይልቅ አስፈራኝ።

"አሁን እንዴት ናት?"

"ትናንት አጥሚት ጠጥተዋል አባ። ሰድበውኛልም።"

"ከሰደበችህ ደኅና ናት።" ከዚያ ወደ ኮፈኑ አዩ። "መኪናዋ ስትጠገን የወጣውን ጠበልስ የት አደረጋችሁት?"

"ሰይድ በሚስቱ ሳፋ ተቀበለልኝ፤ ከጽዱ ሥር ደፋሁት። ጋራዡ መሬት ላይ አልፈሰሰም፤ እግርም አልረገጠውም።"

እጃቸውን ወደ አየር መውጫው ዘርግተው ሞቁ።

"እንግዲያው ከሁለታችሁ አንዳችሁ ሃይማኖት አለው ማለት ነው" አሉ። "ቀኖናህን አስቤበት እሰጥሃለሁ።"

የትኛችን እንደሆነ ልጠይቅ ዞር ስል አንገታቸውን ደፍተው ተኝተዋል። እስከ ኩልመስክ አልሳሉም። እኔም አልቀሰቀስኳቸውም፤ ቀስ ብዬ ነዳሁ።