ያልመጣ አይሰፈርለትም

መካነ ሰላም፣ ኅዳር 20 ቀን 1967 ዓ.ም.

ውድ ቸኮል፣

ይህን ደብዳቤ ለማሽላ አጨዳ ወደ ሁመራ ለሚወርደው ለምናለ እሰጠዋለሁ። ፈልጎ ያገኝሃል ብዬ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ክፍል ገብቼ አስተምራለሁ ማለቴ ነው። ሌላ ነገር ከተሰማኝ ቆይቷል።

እህትህ አልታዬ አቀስታ ከአክስታችሁ ከአሰጋሽ ዘንድ ስትማር ቆይታ፣ ዘንድሮ ስምንተኛን እዚህ ገብታለች። ከሰዓት በኋላ ወደ ኋላ ለቀሩ ልጆች የምንሰጠው ማካካሻ ላይ የእኔ ተማሪ ናት። በሰኔ ሚኒስትሪ ትፈተናለች፤ ከበረታች ታልፋለች። ባለፈው ማክሰኞ ሁሉም ከወጡ በኋላ በሩ ላይ ቆማ፣ «ጋሼ፣ ወንድሜ ትምህርቱን ለምን ተወው?» አለችኝ።

«እንጃ» አልኳት። ዋሸኋት።

በ1965 በልጉ ሲጠፋ ከገጠር የምትመጡት ልጆች በረሃብ ጠረጴዛው ላይ ድፍት ስትሉ፣ መምህራኑ ተዋጥተን ሽምብራ ገዛን። ለማካካሻ ተማሪ ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት ጣሳ። ለእህሉ ብቻ ብሎ የሚመጣ እንዳይበዛ ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ። ያልመጣ አይሰፈርለትም።

አንተ ከቄስ ትምህርት ቤት ነው የመጣኸው። ዕድሜህ አሥራ ዘጠኝ፣ ክፍልህ ሰባተኛ። ሌሎቹ ቲቸር ሲሉኝ አንተ የኔታ ትለኝ ነበር። የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ እንደ ዳዊት እያዜምክ ገጽ በገጽ በቃልህ ያዝከው። ለመምህራኑ ሁሉ አወራሁልህ። አንድ ቀን፣ «የኔታ፣ ንባቡን ይዣለሁ፤ ትርጓሜው መቼ ይጀመራል?» አልከኝ። የቄስ ተማሪ መጀመሪያ ንባቡን ይዘልቃል፣ ትርጓሜው በኋላ ይመጣል፤ እኛም ዘንድ እንደዚያ መስሎህ ነበር። ከምታዜመው አንዲት ቃል እንኳ እንደማይገባህ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። «ይደርሳል» አልኩህ። አንተን ለሰው ማሳየት ይጣፍጠኝ ነበር፤ ከፊደሉ ጀምሮ ማስተማር ደግሞ ሰነፍኩ።

በሚያዝያ ከደሴ ተቆጣጣሪ መጣና አስነሣሁህ። ዓይንህን ጨፍነህ አንድ ገጽ ወረድክበት። ሰውየው አጨበጨበ። ከዚያ መጽሐፉን ሰጠህና መካከል ላይ አንድ መስመር በጣቱ አሳይቶ፣ «እስቲ ከዚህ አንብብ» አለህ። ከገጹ ራስ ጀምረህ በልብህ እየወረድክ እዚያ መስመር ለመድረስ እንደምትሞክር ከከንፈርህ አየሁ።

«በቀቀን ነው እንዴ የምታስተምሩት?» አለ ሰውየው። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከሳቁት ሁሉ መሐል አንተ ያየኸው እኔን ብቻ ነበር።

በማግሥቱ ቀረህ። የሚቀጥለውን አታውቅም መሰለኝ። ቅዳሜ እናትህ እማማ ብርሀንነሽ ስልቻ ይዘው መጡ። «ልጄን አሞብኝ ነው፣ ጌታዬ» አሉኝ። እንዳላመመህ አውቃለሁ። «እማማ፣ ደንብ ነው፤ ራሱ ይምጣ» አልኳቸው። ስልቻውን አጣጥፈው፣ «ይሁና። ዕድሜህን ያርዝመው» ብለውኝ ሄዱ። የሽምብራው ጆንያ አጠገቤ ነበር፤ ግማሹ እንኳ አልጎደለም። ድርሻህን ሁለት ሳምንት ለይቼ አስቀመጥኩልህ። ሰው ልኬ ላድርስላቸው ግን አላልኩም።

በሰኔ አረፉ። ለቅሶ ደርሼ እጅህን ስጨብጥ፣ «የኔታ፣ ያን ሁሉ መንገድ ደክመው መጡ» አልከኝ። እኔን ማለትህ ይሁን እናትህን አልጠየቅሁህም። እንባም አልመጣልኝም፤ እስከ ዛሬ አልመጣም። አንተ በዚያው ወደ ሁመራ ወረድክ።

አሁን መንግሥት ተለውጦ፣ ረሃቡን ማን እንደደበቀው በየስብሰባው ይጠየቃል። እኔም እጄን አውጥቼ እናገራለሁ፤ ስለ ሌሎች ሰዎች። መምህራንም ከተማሪዎቹ ጋር ገጠር ለማስተማር ትዘምታላችሁ ስለተባልን በሚቀጥለው ወር ከዚህ እነሣለሁ።

ከመሄዴ በፊት ለአልታዬ እነግራታለሁ። ሰኞ፣ ከክፍል በኋላ። ሳቄንም፣ እናታችሁን ባዶ ስልቻ አስይዤ መመለሴንም። ነገሩን አስቀድሜ የነገርኳት አክስታችሁ አሰጋሽ እንዳትነግራት ብትመክረኝም አልሰማትም። ከእኔ በኋላ አልታዬን የሚያስተምር ሌላ የእንግሊዝኛ መምህር እዚህ የለም፤ በቀረኝ ጊዜ ያልያዘችውን ከማንም አታገኘውም፤ ማክሰኞ ከቀረች ፈተናውም ይቀርባታል። ይህን እያወቅሁ ነው የምነግራት።

አልታዬ ማክሰኞ እንድትመጣ እፈልጋለሁ። ነይ አልላትም።

መምህርህ የነበርኩት
ክንፈ