አሮጊቷ ሞተር የተነሳች ዕለት

ለውድ እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያ ሲነሳብሽ የሚያንገላታሽ ሳል ተወሽ ወይ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔን ብትዪኝ በእግሬ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ደህና ነኝ እንዳልልሽ ግን እጄ እንቢ አለኝ። ይህን የምጽፍልሽ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ስለዘረጋሁት ጽሑፌ ቢወላገድ አትፍረጂብኝ። በጎረቤትሽ ስልክ ልደውል አስቤ ነበር፤ ግን ሰው እየሰማ፣ መስመሩ እየተቆራረጠ የሚነገር ነገር አይደለም። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር በእናንተ በኩል ያልፋል፤ በእሱ እጅ እልክልሻለሁ።

ወንድምሽ በሕይወት አለ። አስቀድሜ ይህን ልንገርሽና ልብሽ ይረጋ።

ነገሩ የጀመረው ከእግሩ ነው። ስኳሩ እግሩን እንዳደነዘዘው ታውቂያለሽ። ጀልባዋን ከውሃ ሲያወጣ ሚስማር ወግቶት ኖሮ አልተሰማውም። ኋላ ሲያውቅም ለእኔ አልነገረኝም፤ ከጎማ ቡትሱ ውስጥ ደብቆት ከረመ። እኔ ጠረኑ የዓሣ መስሎኝ ነበር፤ ቤታችን መቼ ዓሣ ዓሣ ሳይሸት ያውቅና። አንድ ቀን ቡትሱን ለማውለቅ ሲታገል ደርሼ ባግዘው፣ እትዬ፣ አውራ ጣቱ ከስሏል። ቅላቱም ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ወጥቷል። እሱ ግን በጨው ውሃ ሳጥበው ይድናል አለ፤ ሐኪም ቤት የሚለውን ቃል እንዳላነሳበትም አስጠነቀቀኝ። አባታችሁ እግራቸውን ተቆርጠው ከሐኪም ቤቱ አልጋ ሳይወርዱ እንደቀሩ አንቺም ታውቂያለሽ። እሱ ያን ጊዜ ያየው ነገር ከዓይኑ አልጠፋም።

ልውሰደው ብልስ በምን? ዝናቡ ድልድዩን ከወሰደው ወዲህ ከእኛ መንደር ወደ ከተማ የሚሄድ መኪና የለም። የመንገደኛው ጀልባም ለእድሳት እንደወጣ ቀረ። ጎረቤታችን ቀጭኑ፣ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር ስለሚገባ ነው እንዲህ የምንለው፣ በመቅዘፊያ ላድርሳችሁ ብሎ መጀመሪያ ብቻውን ውሃውን ሊሞክር ወጣ። ነፋሱ መሃል ሳያደርሰው መልሶ ከዳር ለጠፈው። የቀረችን አሮጊቷ ናት። ወንድምሽ አሮጊቷ የሚላት ያቺን ከጀልባው ኋላ የምትታሰረውን ሞተር ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ከረጢት ለብሳ ጓዳ ጥግ ተደግፋ ነበር። እሷን መጠገን የሚችል በመንደሩ እሱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከአልጋ መውረድ አቃተው።

እንግዲህ ምን ላድርግ? ራሴ ተነሳሁ። እኔ እንኳን ሞተር፣ የጠርሙስ ክዳን ለመክፈት ሰው የምጠራ ነኝ። ቀጭኑ ተሸክሞ አወጣና ግቢው ውስጥ ከእንጨት መደገፊያ ላይ አሰረልኝ። የማስነሻ ገመዷን ጨብጬ ልስብ ስል የወንድምሽ ድምፅ በመስኮቱ መጣ።

«ያለ ውሃ አታስነሺያት፤ ታቃጥያታለሽ። በርሚል ሙዪና እግሯን ክተቺ።»

እንዲህ ሆነና ጀመርን። ሐኪም ቤት አልሄድም ያለው ሰው፣ ሞተር በሰው እጅ ሲበላሽ ዝም ብሎ ማየት ግን አልሆነለትም። እኔ እየፈታሁ ወደ አልጋው አመጣለሁ፤ እሱ እያየ ይቆጣል። ካቻቢቴውን እንደ ማማሰያ ያዝሽው ይለኛል። ብሎኖቹን በየተራቸው አስቀምጪ፣ ይህ ሽንኩርት አይደለም ይለኛል። የቆየውን ቤንዚን ቀዳሁት፤ ጠረኑ እንደ አሮጌ ቀለም ሆኗል። ካርቡሬተሯን ከፍቼ ሳሳየው ሙጫ የመሰለ ነገር ጋግሮባታል፤ ቤንዚን የሚያልፍባት ትንሿ የናስ ቀዳዳ ጨርሳ ተደፍናለች። መርፌ ላስገባባት ስል እጄን ያዘኝ። መርፌ ያሰፋታል፣ ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንድ ቀጭን ሽቦ ምዘዢ አለኝ። መዘዝኩ፣ ጠረግሁ። ወደ ብርሃን አድርጌ ባያት ሰማዩ በቀዳዳዋ ታየኝ። እሱም ተቀብሎኝ አየና «አዎ» አለ። እኛ ቤት ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ደስ ብሎኝ ነበር ብልሽ ታዝኚብኝ ይሆን? እግሩ ከብርድ ልብሱ ሥር እየጠቆረ፣ ሁለታችን በአንድ ብሎን ስንጨቃጨቅ፣ ልክ አዲስ የተጋባን ሰሞን እንደነበርነው ሆነን ነበር።

ገመዷ እጄ ላይ ተበጠሰች፤ የልብስ ማስጫውን ቆርጬ ተካሁ። መዳፌ ተላጠ። ስስብ፣ ስስብ፣ በመጨረሻ አንዴ ሳለች፤ ጭስ ተፋችና ዝም አለች። ቀጭኑ ሊጨፍር ምንም አልቀረው። እኔ ወደ መስኮቱ ዞር ብል ወንድምሽ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ያን ጊዜ ነው የገባው መሰለኝ፤ አሮጊቷ ከተነሳች እሱም መሄዱ ነው።

እሳት የምትጭርላት ካንዴላ በቤንዚን ርሳ ስለነበረች ፈታሁና በብሩሽ ፈትጌ፣ እንድትደርቅ አልጋው አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ አኖርኳት። አዲስ ቤንዚን ልለምን ወደ ባለሱቁ ሄጄ ስመለስ የለችም። ከአልጋው ሥር ፈለግሁ፤ ትራሱን ገለበጥሁ፤ ቀጭኑ የዶሮዎቹን ጎጆ ሳይቀር በረበረ። ወንድምሽን ጠየቅሁት፤ አላየሁም አለኝ። መለዋወጫ የለንም፤ የሚሸጠው ከውሃው ማዶ ነው። ተንበርክኬ ወለሉን ስዳስስ ቆይቼ ቀና ብል የቀኝ እጁ ተጨብጧል። ሌላው ገላው በትኩሳት ይንቀጠቀጣል፤ ያ ጭብጥ ግን ንቅንቅ አይልም።

«ስጠኝ» አልኩት።

«ይቆርጡኛል» አለኝ። «ሙሉ ሰው እንደሆንኩ ቅበሪኝ።»

እትዬ፣ ጣቶቹን ልፈለቅቃቸው እችል ነበር፤ አቅም አልነበረውም። ግን እጄ አልታዘዘኝም፤ ከዚያ የባሰ አደረግሁ። እግርህን ማንም አይነካብህም፣ ቁስሉን አጥበው፣ መርፌ ወግተው ይሰዱሃል አልኩት። ዓይን ዓይኔን አየና ማዪልኝ አለ። በራሴ ብምል እንደማያምነኝ አውቃለሁ።

«እትዬ ትሙት» አልኩት።

ጭብጡን ፈታ። ካንዴላዋ ላብ ላብ ብላ ሞቃ ነበር።

ቀዩ መስመር ወደ ጉልበቱ ሲወጣ እያየሁ፣ እግሩ እንደማይተርፍለት እያወቅሁ ነው በስምሽ የማልኩት። ሌላ ሰው ሳይነግርሽ ራሴ ልንገርሽ ብዬ ነው። ይቅር በይኝ፤ ዛሬም ቢሆን ግን መልሼ የማደርገው ይመስለኛል።

በፍራሹ ተሸክመን ከጀልባዋ ወለል ላይ አስተኛነው። አሮጊቷ ትንሽ አንገራግራ ተነሳች። ከጎኗ ቀጭን ውሃ ትፉ ትፉ ስትል አየኋት፤ ይህ ማቀዝቀዣዋ መሥራቱ ነው ብሎ አስተምሮኝ ነበር። ቀጭኑ ከፊት ተቀምጦ በጣሳ ውሃ ይጨልፋል፤ እኔ መሪውን በሁለት እጄ ሙጥኝ ብያለሁ። ከመሃል ስንደርስ ድንገት ዝም አለች። ገመዱን ብስብ ብስብ ወይ ፍንክች። ነፋሱ ወደመጣንበት ይገፋን ጀመር። ቀጭኑ መቅዘፊያ አነሳ፤ ነፋሱ አሸነፈው። እኔ ማንንም ሳላፍር አለቀስኩ፤ ሞተሯን ረገምኳት፤ በእግሬም መታኋት።

ያኔ ወንድምሽ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ። እጁን ዘርግቶ ከቤንዚን ጄሪካኑ ክዳን ላይ ያለችውን የአየር ማስገቢያ ብሎን ፈታ አደረጋት። ለካ እሷን ረስቻት ኖሯል፤ አየር ካልገባ ቤንዚኑ አይወርድም። ከዚያ በቱቦው መሃል ያለችውን የቤንዚን መሳቢያ ጎማ እስክትጠነክር ድረስ ጨመቃት።

«አሁን ሳቢ» አለኝ።

ሳብኩ፤ ተነሳች። እሱ ተመልሶ ተኛና ዓይኑን ጨፈነ። ዝም ቢል ነፋሱ ወደ ቤታችን ይመልሰን ነበር። ለምን እንደረዳኝ እስካሁን አልጠየቅሁትም።

ሐኪሙ እንዳየው ቀጠሮ እንኳን አልሰጠም። ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ሲነቃ ብርድ ልብሱን ቁልቁል አየ፤ ባዶ የቀረውን ቦታ አየ፤ እኔን ግን አላየኝም። ሳጎርሰው ይጎርሳል፣ ሳገላብጠው ይገላበጣል፣ ቃል አይተነፍስም። ከነርሶቹ ጋር ያወራል፤ እኔ ስገባ ይዘጋል። ትዳር ከጀመርን ወዲህ ብዙ ተኳርፈናል፤ እንዲህ ያለውን ግን አላውቀውም ነበር።

ዛሬ ጠዋት ፊቱን ሳጥበው በራሱ ጊዜ ተናገረ።

«እትዬን ጥሪያት።»

ምን ልበላት አልኩት።

«መሞት አለመሞቷን ልይ» አለኝ፤ ከከንፈሩ ጫፍም ፈገግታ ቢጤ አየሁ። ጎንበስ ብዬ እጁን ሳምኩት። አልነጠቀኝም።

ትኩሳቱ ወርዶ ነበር፤ ተመልሶበታል። መድኃኒቱን ቀይረውለታል። ትንሽ ይቃዣል እንጂ እኔን ለይቶ ያውቀኛል። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው። ቅድም ወደ ኮሪደሩ ጠርቶኝ መነጽሩን ሲጠርግ ቆየና፣ ከአንቺ ሌላ የቅርብ ሰው አለው ወይ አለኝ። እህት አለችው፣ ያሳደገችውም እሷ ናት አልኩት። ሩቅ ናት ወይ አለኝ። ግማሽ ቀን ያስኬዳል አልኩት። ወለል ወለሉን አየና፣ እንግዲያው ዛሬውኑ ላኪባት አለኝ። ወረቀት ለምኜ ወደዚህ ወጣሁ።

ሾፌሩ ሲመሻሽ ይደርስሻል፤ አንቺ በማለዳው መኪና ውጪ። ቤቱን ላስተካክል፣ ልብስ ልጠብ አትበዪ። ዘበኛው የጉብኝት ሰዓት አይደለም ቢልሽ እህቱ ነኝ በዪው፤ ነግሬዋለሁ፣ ያስገባሻል። ክፍሉ ከደረጃው በስተግራ፣ መስኮቱ አጠገብ ያለው አልጋ ነው። ስትገቢ እንዳታለቅሺ፤ ይልቅ ተቆጪው፤ ቁጣሽን ይወዳል። ቀልዱ ከአፉ ሳይጠፋ ድረሽለት።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ጤናሽንና ዕድሜሽን አብዝቶ ይስጥሽ። ይህን ለወጉ ያህል እንዳልጻፍኩት ታውቂልኛለሽ።

ዓይኔን ከበሩ ላይ ተክዬ የምጠብቅሽ፣
የወንድምሽ ሚስት